ሰላማዊ ሰፈር ከጥቆማ መልስ ይጀምራል፦ የማኅበረሰብ ዐቀፍ ፖሊስ አገልግሎት ከሐሙሲትና ከፎገራ ሜዳ አንጻር ሲታይ

በባሕር ዳርና በወረታ መካከል፣ በጎንደሩ ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት፣ ስሟ እንደሚያመለክተው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በገበያ ዕለት እህሉንና ከብቱን ይዞ ከደራ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የሚገባው አርሶ አደር፣ በመንገዱ የሚያልፈው መንገደኛ፣ የባጃጅ አሽከርካሪውና ጭነት የሚያራግፈው ወጣት በአንድ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ይህ እንቅስቃሴ የከተማዋ የኑሮ ምንጭ ነው። የዚያኑ ያህል ግን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በቀላሉ የሚገባበት፣ የተሰረቀ ንብረትም በአንድ ሌሊት ርቆ የሚሄድበት በር ነው። ከገበያ ማግሥት አንድ በሬ ከበረት ቢጠፋ፣ ጉዳቱ የአንድ ቤተሰብ ሙሉ የእርሻ ዓመት ይሆናል።

እንዲህ ባሉ ከተሞች የሰፈርን ደኅንነት ለማስጠበቅ በፖሊስ ተቋማት የሚወጡ ዕቅዶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በሌሊት ጥበቃ፣ በቅኝትና በሕዝብ ውይይት ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ይሁን እንጂ የዕቅዱ ውጤታማነት የሚለካው አንድ ነዋሪ ባቀረበው ጥቆማ ወይም አቤቱታ ላይ ምን እንደተሠራ ተመልሶ በሚነገረው መልስ ነው። መልስ ያገኘ ሰው ነገም ይጠቁማል። መልስ ያጣ ወይም በመጠቆሙ የተጋለጠ ሰው ግን ዝም ይላል። ዝምታው ወደ ጎረቤቱ በተሻገረ ጊዜም ፖሊስ ዐይንና ጆሮውን ያጣል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ እንዴት እንደተዘረጋ፣ ሕጉ ለነዋሪው የሰጠው መብት ምን እንደሆነና ነዋሪው ከዕቅዱ ምን መጠየቅ እንደሚችል ያብራራል።

ከአውጫጪኝ እስከ ማኅበረሰብ ዐቀፍ ፖሊስ

በሀገራችን ወንጀልን በኅብረት መከላከል አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ፖሊስ ከመደራጀቱ በፊት በገጠሩ የኢትዮጵያ ክፍል ስርቆት ወይም የሰው ግድያ ሲፈጸም፣ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አድራጊውን እንዲያወጣ የሚገደድበት አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የተባለ ሥርዓት ነበር። የሥርዓቱ ጥንካሬ፣ በሰፈሩ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያውቀው ጎረቤት ነው በሚለው እምነት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ድክመቱ ደግሞ በምንም ያልበደለ ሰው ከሥራው ተስተጓጉሎ የሚጉላላበት፣ አድራጊው ካልተገኘም ለሌላው ሰው ጥፋት በጋራ ዕዳ የሚከፍልበት መሆኑ ነበር። ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድ ሲሆን፣ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር።

በከተማ በኩል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ የተባለው የጥበቃ ኃይል ይታወቃል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ፖሊስ በሕግ የተቋቋመ ሀገራዊ ድርጅት ሆኗል። በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ኃይልን የማደራጀትና የክልሉን ሰላምና ጸጥታ የማስጠበቅ ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። በመሆኑም በሐሙሲት፣ በወረታና በአካባቢያቸው የሚሰጠው መደበኛ የፖሊስ አገልግሎት በአማራ ክልል ፖሊስ መዋቅር ሥር፣ በዞን መምሪያ፣ በወረዳና በከተማ ጽሕፈት ቤት እንዲሁም በቀበሌ ደረጃ የሚከናወን ነው።

ማኅበረሰብ ዐቀፍ ፖሊስ የሚባለው አሠራር የጥንቱን የጎረቤት ዕውቀት ከዘመናዊው ሕግ ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነው። ከአውጫጪኝ የሚወስደው ነዋሪው ሰፈሩን ያውቃል የሚለውን ቁም ነገር ነው። የጋራ ቅጣትን ግን አይቀበልም። በሕግ ፊት ተጠያቂነት የግል ነውና ስለ አንድ ወንጀል ሰፈሩ ወይም ቤተሰቡ በጅምላ አይቀጣም። ዕቅዱ በሥራ ላይ ሲውል ይህ ድንበር መጠበቁ የመጀመሪያው መመዘኛ ሊሆን ይገባል።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የአማራ ክልል ማኅበረሰብ ዐቀፍ የፖሊስ አገልግሎትን ቀድመው ወደ ቀበሌ ካወረዱት ክልሎች አንዱ ነው። የአደረጃጀቱ ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው። አንደኛው በየቀበሌው የሚመደብ የማኅበረሰብ ፖሊስ ባለሙያ ሲሆን፣ ሥራው ቢሮ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ነዋሪውን በየመንደሩ ማወቅና መታወቅ ነው። ሁለተኛው ከአገር ሽማግሌዎች፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶችና ከሌሎች የኅብረተሰብ ክፍሎች የሚውጣጣው አማካሪ ምክር ቤት ሲሆን፣ የአካባቢውን የጸጥታ ችግር ለይቶ ቅደም ተከተል ያስይዛል። ሦስተኛው የቤተሰብ ፖሊስ የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር በየቤቱ አንድ የቤተሰብ አባል ጠብና ጥፋት እንዳይነሣ የመምከር ኃላፊነት ይወስዳል። አራተኛው ጥቃቅን አለመግባባቶች ወደ ወንጀል ከማደጋቸው በፊት የሚያስታርቀው የግጭት አፈታት ኮሚቴ ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ ደግሞ ተመሳሳዩ ሐሳብ በቀጠናና በብሎክ አደረጃጀት ተተርጉሟል። የነዋሪው ብዛትና የሰፈሩ ጥግግት ከገጠር ቀበሌ ስለሚለይ፣ የከተማዋ ፖሊስ በብሎክ የተደራጁ ነዋሪዎችን፣ ቅኝትንና 991 የተባለውን ነጻ የስልክ መስመር አጣምሮ ይጠቀማል። በውጭው ዓለምም የጃፓን ኮባን የሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ፖሊስ ቤቶች በዚህ ረገድ በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። በኮባን የሚሠራው ፖሊስ አድራሻ ለጠፋበት መንገድ ያሳያል፣ የጠፋ ዕቃ ይረከባል፣ የቀጠናውን ቤቶችም እየዞረ ይጎበኛል። ሰዎች ችግር ባልደረሰባቸው ቀን ያወቁትን ፖሊስ ችግር በደረሰባቸው ቀን ለመጥራት አይቸገሩም።

ከእነዚህ ልምዶች የምንረዳው፣ የአሠራሩ ጥንካሬ ከመሣሪያ ይልቅ በትውውቅ ላይ እንደሚመሠረት ነው። በቀበሌ የተመደበው ባለሙያ በየጥቂት ወሩ የሚቀያየር ከሆነ፣ ወይም ከማኅበረሰብ ሥራው ተነሥቶ በሌላ ግዳጅ ተጠምዶ የሚውል ከሆነ፣ አደረጃጀቱ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ነዋሪው የሚያውቀው ሰው ያጣል።

ዕቅዱ ከአካባቢው የዘመን አቆጣጠር ጋር መጣጣም አለበት

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያልፉበት ለም መሬት ነው። የታወቀው የፎገራ ከብት የሚረባበትና የሀገራችን ሩዝ በስፋት የሚመረትበት አካባቢ ነው። ወረታ ደግሞ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። እነዚህ እውነታዎች የአካባቢውን የደኅንነት ስጋት ከወር ወር ይለዋውጡታል።

በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ በውሃ የተከበቡ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወደ ከፍታ ቦታ የሚወጡበት ጊዜ አለ። በዚህ ወቅት ባዶ የቀረው ቤትና በአንድ ላይ የተሰበሰበው ከብት ጥበቃ ይሻል። በተጠለሉበት ቦታ ያሉ ሴቶችና ሕፃናትም እንዲሁ። ከኅዳር ጀምሮ ሩዙ ታጭዶ በአውድማ ሲከመር ደግሞ ስጋቱ ወደ ማሳውና ወደ አውድማው ይዛወራል። እህሉ ተሽጦ ገንዘብ በእጅ በሚገባበት ጊዜ ከገበያ ወደ ገጠር የሚመልሰው መንገድ የበለጠ ቅኝት ያስፈልገዋል። በበጋ የግጦሽ መሬትና ውሃ ሲጠብ የወሰን ጠብ ይበዛል። ከዐቢይ ጾም በፊትና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ወራት ደግሞ በግብዣ መካከል የሚነሣ ጠብና የመሣሪያ ተኩስ ሊከሰት ይችላል።

ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ በሁሉም ወር አንድ ዓይነት ቅኝት የሚያዝ ዕቅድ ለዚህ አካባቢ አይበቃም። አማካሪ ምክር ቤቱ በየወቅቱ ተሰብስቦ፣ በሚቀጥሉት ወራት ስጋቱ ወዴት እንደሚዛወር ለፖሊስ ማሳወቅ ይኖርበታል። ይህን ከአውድማ ጠባቂውና ከእረኛው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጥቆማና አቤቱታ፦ ነዋሪው ምን መብት አለው?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ማንኛውም ሰው ወንጀሉ ሲፈጸም በዐይኑ ያየም ሆነ ያላየ፣ የወንጀል ክስ እንዲጀመር የማመልከት መብት እንዳለው በአንቀጽ 11 ይደነግጋል። በአንቀጽ 14 መሠረትም በቃል የቀረበ ክስ ወይም አቤቱታ በተቀባዩ በጽሑፍ ሊሰፍር፣ ለአቅራቢው ሊነበብለትና በአቅራቢው ሊፈረም ይገባል። ይህ ለተገልጋዩ ትልቅ ትርጉም አለው። በርቀት ካለ ቀበሌ ተነሥቶ የመጣ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል አርሶ አደር እንኳን የተናገረው ቃል በትክክል መጻፉን ሰምቶ የማረጋገጥ መብት አለው ማለት ነው።

በሬው የጠፋበትን ሰው ምሳሌ እንመልሰው። ይህ ሰው ወደ ፖሊስ ሲሄድ የከብቱን ቀለም፣ የቀንዱን አቀማመጥና ልዩ ምልክቱን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየበትን ሰዓትና ቦታ፣ በአካባቢው የታየ እንግዳ ሰው ወይም ተሽከርካሪ ካለም ያንን ቢናገር ለምርመራው ይረዳል። ቃሉ ሲነበብለት ያልተናገረው ነገር ገብቶ ወይም የተናገረው ቀርቶ ከሆነ እንዲታረም መጠየቅ ይችላል። ከመውጣቱ በፊት የመዝገቡን ቁጥርና ጉዳዩን የያዘውን መርማሪ ስም ጠይቆ መያዝ አለበት። የመዝገብ ቁጥር የሌለው አቤቱታ የት እንደደረሰ ለመከታተል ያስቸግራልና።

ከመዝገብ ቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው መልስ ነው። መልስ ማለት ሌባው ተይዟል ማለት ብቻ አይደለም። በጎረቤት ወረዳ ጣቢያዎችና ገበያዎች እንዲታወቅ ተደርጓል፣ ምስክር ተሰምቷል፣ እስካሁን የተገኘ ፍንጭ የለም ማለትም መልስ ነው። ነዋሪው ተስፋ የሚቆርጠው ወንጀለኛ ባለመያዙ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳዩ ይሠራበት ወይም ይረሳ ሳያውቅ በመቅረቱ ጭምር ነው። ስለሆነም የሰፈር ደኅንነት ዕቅድ፣ ለአቤት ባዩ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን በኩል መልስ እንደሚሰጥ በግልጽ መወሰን ይኖርበታል።

ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ሁለተኛው ፍርሃት መጋለጥ ነው። በገጠርና በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መግባት ብቻውን ወሬ ይሆናል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከባድ ወንጀሎችን ለሚጠቁሙና ለሚመሰክሩ ሰዎች የጥበቃ መሠረት የጣለ ሕግ ነው። ከአዋጁ ባሻገር ግን በየቀበሌው ያለው የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ወሳኝ ነው። የጠቋሚን ስም በስብሰባ ላይ ማንሣት፣ ተጠርጣሪን ይዞ ወደ ጠቋሚው ቤት መሄድ ወይም ጥቆማን በሰው ፊት መቀበል አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ ዝም የሚያሰኝ ስሕተት ነው። በሌላ በኩል በቂም በቀል ተነሣሥቶ ንጹሕን ሰው ሆን ብሎ በሐሰት መወንጀል ራሱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት መሆኑን ሁሉም ሊገነዘብ ይገባል።

በሽምግልና የሚያልቀውና የማያልቀው

ሽምግልና በአካባቢያችን ትልቅ ሀብት ነው። በመሬት ወሰን፣ በከብት ማሳ መግባት ወይም በስድብ የተጣሉ ጎረቤቶች በሽማግሌ ፊት ቢታረቁ፣ ከፍርድ ቤት ምልልስ ይድናሉ፤ ጉርብትናቸውም ይጸናል። ደም በተቃቡ ቤተሰቦች መካከል የሚገቡት ደም አድራቂ ሽማግሌዎችም የበቀል ግድያ እንዳይቀጥል የሚሠሩት ሥራ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነው። ሆኖም ዕርቁ በቀልን ያቆማል እንጂ የገዳዩን የወንጀል ተጠያቂነት አያስቀርም። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው።

ይህ ድንበር በተለይ በሴቶችና በሕፃናት ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች መጣስ የለበትም። የቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት አድርጎ ነበር። በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቷል። ጋብቻ መፈጸሙ የጠለፋ ወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም። አስገድዶ መድፈርና ያለዕድሜ ጋብቻም በቤተሰብ ስምምነት ወይም በካሳ ክፍያ የሚዘጉ ጉዳዮች አይደሉም። የግጭት አፈታት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብለት ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስተላለፍ አለበት። ተጎጂዋም ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ መርዳት ይገባል። ሕክምናው ለጤናዋ፣ የሕክምና ማስረጃው ደግሞ ለፍትሕ አስፈላጊ ነውና።

በጸጥታ ችግር ወቅት የሚፈተነው እምነት

የአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ከባድ የጸጥታ ችግር አስተናግዷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሞ ነበር። በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎችና በታጠቁ ኃይሎች መካከል በተፈጠረው ግጭት መንገዶች የተዘጉበት፣ አገልግሎቶች የተቋረጡበትና ዜጎች ለሕይወታቸው የሰጉበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ማኅበረሰብ ዐቀፍ ፖሊስ በሁለት በኩል ይፈተናል። ፖሊስ ከወንጀል መከላከል ሥራው ተነሥቶ ወደ ሌላ ግዳጅ ይሳባል። ነዋሪውም ስለ ተራ ስርቆት የሚሰጠው ጥቆማ በሌላ እንዳይተረጎምበት ይሰጋል።

ይህን ስጋት የሚያቃልለው፣ የሌባ ጥቆማ የሌባ ጥቆማ ሆኖ መታየቱና ሕጉ ለሁሉም በእኩል መሥራቱ ነው። በመሆኑም ነዋሪዎች የሚከተሉትን መብቶች ማወቃቸው ለፖሊስ ሥራ እንቅፋት ሳይሆን አጋዥ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል፤ ያለመናገር መብትም አለው። ቤት ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ ያስፈልጋል። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ወንጀለኛ ተከትሎ እንደመግባት ያሉ ሕጉ የለያቸው ሁኔታዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

በሰፈር ጥበቃ ላይ የሚሰማሩ ነዋሪዎችም ሥልጣናቸው ውስን መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። ተራ ጠባቂ የተጠረጠረን ሰው ለፖሊስ ያሳውቃል፤ እጅ ከፍንጅ የያዘውንም ሳይመታና ሳያስር ለፖሊስ ያስረክባል። ሌባ ነው ተብሎ የተጮኸበትን ሰው በጅምላ መደብደብ ፍትሕ አይደለም። ይልቁንም ደብዳቢዎቹን በወንጀል የሚያስጠይቅ፣ ንጹሕ ሰውንም ለሞት ሊያበቃ የሚችል ድርጊት ነው።

ነዋሪው በሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይጠይቅ?

የሰፈር ደኅንነት ዕቅድ በቀበሌ መድረክ ለውይይት ሲቀርብ፣ ብዙ ጊዜ ነዋሪው ሰምቶና አጨብጭቦ ይመለሳል። ውይይቱ ፍሬ እንዲያፈራ የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢነሡ ይጠቅማል።

– በቀበሌያችን የተመደበው የማኅበረሰብ ፖሊስ ባለሙያ ማን ነው? የት ይገኛል? በሌሊት በየትኛው ስልክ ይጠራል?

– ባለፈው ሩብ ዓመት ስንት አቤቱታ ቀረበ? ስንቱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተላለፈ? ስንቱ በዕርቅ ተዘጋ? ስንቱ በምርመራ ላይ ነው?

– አቤት ባይ በስንት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል? መልስ ካላገኘስ ለማን ይናገራል?

– ሴቶች ጉዳያቸውን ለሴት ባለሙያ የሚነግሩበት ቦታና ቀን ተዘጋጅቷል?

– ለሌሊት ጥበቃ ከነዋሪው ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ በደረሰኝ ነው? ወጪውስ ለማን ይገለጻል?

የስም ዝርዝር ሳይጠቀስ ቁጥሩ ብቻ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ የማንም ምሥጢር አይወጣም። ነዋሪው ግን ያቀረበው ጥቆማ ከቁጥሩ ውስጥ መግባቱን ያያል። ይህ ብዙ በጀት የማይጠይቅ፣ ከሐሙስ ገበያ እስከ ገጠሩ ቀበሌ ሊሠራ የሚችል እርምጃ ነው።

በአገልግሎቱ ቅር የተሰኘ ተገልጋይ ቅሬታውን በመጀመሪያ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለዞን ፖሊስ መምሪያና ለክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ሰብአዊ መብቴ ተጥሷል የሚል ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የመዝገብ ቁጥሩን፣ አቤቱታው የቀረበበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ ወይም መልስ ያለመሰጠቱን የሚገልጽ ከሆነ ጉዳዩን ለማጣራት ያግዛል። ስለዚህ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ማንኛውም ሰው ቃሉ ተነቦለትና ቁጥሩን ይዞ እንዲመለስ፣ ጣቢያውም ይህን ሳይጠየቅ እንዲፈጽም ያስፈልጋል።